ከላይ የሚከፈት፣ ከፊት የሚከፈት፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆለፍ

የእናቴ ጉልበት በብረት ከተተካ በኋላ በቤተሰባችን የተነሳው ጦርነት ስለ ጉልበቷ አልነበረም፤ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር። ቤተሰባችን ስል ብዙ ሕዝብ አይምሰላችሁ። እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። ግን እኛ ሦስታችን በአንድ ሳሎን ተቀምጠን በአንድ ዕቃ ላይ ስንከራከር ተጨማሪ ሰው አያስፈልግም። ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት የማንን ሐሳብ እንደምትደግፍ ደረጃው ላይ ነግራኛለች።

እናቴ የምትኖረው እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ናሕሊኤል ሰፈር ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር አለው፤ ደስ ሲለው ይሠራል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ የእሷ ግዛት ነው፤ የት እንደምንቀመጥ፣ ምን እንደምንበላና መቼ እንደምንሄድ የምትወስነው እሷ ናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን እህቴ ግዛቱን ልትወርስ መጣች። እህቴ ክፋር ብራንዳይስ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት፣ ባል፣ ልጆችና ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ አላት። ባንክ ስለምትሠራ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ያለ እሷ ፊርማ የማይጸድቅ ይመስላታል።

"ብቻሽን መኖር አበቃ" አለቻት። "እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ። እኔ አበስላለሁ፣ ልብስሽን እኔ አጥባለሁ፣ አንቺ ቁጭ በይ።"

እናቴ ምግቡን ሰምታ ዝም አለች። ቁጭ በይ የሚለውንም ዝም ብላ አሳለፈችው። ልብሱ ጋ ሲደርስ ግን ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች።

"ልብሴን ሰው የሚያጥብልኝ ስወልድና ስሞት ነው። መውለዱ አልፏል።"

እንዲህ ስትል ቀልድ አልነበረም። የቀረውን ሁሉ ልትተው ትችላለች፤ ወጥ ቢመጣላት ትበላለች፣ ቤቱን ሌላ ሰው ቢጠርግላት ጥግ ጥጉን እያሳየች ታስጠርጋለች። የገዛ ልብሷን ሌላ ሰው ማጠብ የጀመረ ዕለት ግን ያበቃላት ቀን ነው ብላ ታምናለች። ልጆቿ አጠገቧ ተቀምጠው ሬሳዋን ሲያሰናዱ የምታይ ያህል ነበር ፊቷ የተለወጠው።

እህቴም ገባት መሰለኝ፣ ድርድር ጀመረች። ስምምነቱ ይኼ ነው፦ አዲስ ማሽን ይገዛል። እናቴ ሳትጎነበስ፣ ሳትሸከም፣ የትም ሳትወጣ ልብሷን ራሷ ማጠብ ከቻለች ቤቷ ትቆያለች። ካልቻለች ክፋር ብራንዳይስ። እህቴ ቀልድ እንደማታውቅ ለማሳየት ትልቅ ባለ ጎማ ሻንጣ አምጥታ ኮሪደሩ ላይ አቆመችው። ሽንት ቤት ለመሄድ እሱን ዞሮ ማለፍ ግድ ነበር።

አሮጌው ማሽን ከሠራዊት ወጥቼ ሥራ እንደጀመርሁ እኔ የገዛሁት ነው። ከላይ የሚከፈት ዓይነት ነበር። ሚርፔሴቱ ላይ፣ ማለትም ከኩሽናው ጀርባ ልብስ በሚሰጣባት ጠባብ ሰገነት ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ክዳኑ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። ሌላ ሰው ቤት ብናይ ኖሮ፣ በየሳምንቱ የሚከፈት ክዳን ላይ አበባ ምን ይሠራል ብለን እንጠይቅ ነበር። እናት ቤት ግን ማን ይጠይቃል? እንበላለን፣ እንመረቃለን፣ በርበሬያችንን ይዘን እንሄዳለን።

እኔ አሁንም ከላይ የሚከፈተው ይገዛ ባይ ነበርሁ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። አትጎነበስም፤ ቆማ ትከታለች፣ ቆማ ታወጣለች። ጠባብ ነው፣ ሚርፔሴቱ ላይ ሳይጨናነቅ ይቆማል። ካልሲ ብትረሳ አቁማ ትጨምራለች። እህቴ ደግሞ ከፊት የሚከፈተው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። የተሻለ ያጥባል፣ ብዙ ይይዛል፣ አይጮኽም። ዋናው ምክንያቷ ግን እሷ ዘንድ ያለው እሱ መሆኑ ነው። ለክርክሩ ስል በስልኬ ቪዲዮ ስመለከት ሰነበትሁ። በዚህ ዓለም ማሽን ሲሽከረከር እየቀረጸ የሚለቅ ሰው አለ፤ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰውም አለ። እኔ ሁለተኛው ሆኜ አረፍሁት።

ለከላይ ተከፋቹ የነበረኝ ፍቅር ግን ከቪዲዮ የመጣ አይደለም። የወላጆቼን ትዳር ያደሰው እሱ ነው ብዬ አምን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት እናቴ ልብስ የምታጥበው በገንዳ ነበር፤ አምባቲያ የምትለው በመታጠቢያ ቤት ያለው ረጅሙ ገንዳ ውስጥ። ወገቧን ይዛ ስትወጣ ማየት ስለመረረኝ ነው ማሽኑን የገዛሁት። ማሽኑ በገባ ጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ተጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ለሰንበት ዋዜማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባቴና እናቴ አብረው መታጠቢያ ቤት ይገቡና በሩን ይቆልፋሉ። ውሃው ይወርዳል። ከዚያ እናቴ ትስቃለች። አባቴ፣ በሰው ፊት ሚስቱን በስሟ እንኳ የማይጠራው አባቴ፣ ይስቃል። አንዳንዴ አንድ ነገር ጧ ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።

እኔና እህቴ ያኔ ልጆች አልነበርንም። እኔ ሠራዊት ጨርሻለሁ፣ እሷ ልታገባ ትሰናዳለች። ሁለታችንም ሳሎን ተቀምጠን፣ ሳንተያይ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን። የዜና አንባቢው እየጮኸ የዓለምን ጉድ ይነግረናል፤ እኛ እግዜር ይስጠው እንላለን። አንድ ቀን እህቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ "ማሽኑ ጊዜ ሰጣቸው" አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም በልቤ ኮራሁ። ሌላው ልጅ ለወላጁ ቴርሞስ ይገዛል፤ እኔ ለወላጆቼ ሁለተኛ ጫጉላ ገዝቻለሁ።

ለዚህ ነው እንግዲህ ከላይ የሚከፈት ማሽን ሲነካብኝ የማልወደው።

ዕቃ ቤቱ ወደ ጋን ሽሙኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ በሌላው እጇ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት አንጠልጥላ መጣች። ከረጢቱን ልያዝልሽ ብላት አልሰጥም አለች። ሻጯ የኛው ልጅ ነበረች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ተማሪ፣ በትርፍ ጊዜዋ የምትሠራ። እናቴን ስታይ ፊቷ በራ፣ አማርኛዋ ግን ትንሽ ተንተባተበ።

"ሻሎም እማማ! ተመልከቺ... ስሊኻ፣ ይመልከቱ። ይሄ ፔታኽ ኤልዮን ነው፣ በሩ ከላይ ነው። ያ ደግሞ ፔታኽ ኪድሚ፣ ከፊት። ለጉልበትዎ ከላዩ ዮቴር ቶቭ፣ ይሻላል፣ አይጎነበሱም።"

"ሰማሽ?" አልሁ ለእህቴ።

እናቴ ከረጢቷን ፈታ የአባቴን ጋቢ አወጣች።

ጋቢው ከጎንደር አብሮን የመጣ ነው። አራት ድርብ፣ ጠርዙ ከመነካካት የሳሳ፣ አባቴ ክረምት ከበጋ ትከሻው ላይ የማያወርደው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ አልጋዋ ላይ ታለብሰዋለች። መደብሩ መሐል ላይ ዘርግታ አጠፈችው፣ ከዚያ የከላይ ተከፋቹን ክዳን ከፍታ ትከትተው ጀመር። አንድ ጫፉ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ቀረ። በጡጫ መታ መታ አድርጋ አስገባችውና ክዳኑን ዘጋች። ክዳኑን ትኩር ብላ አየችው።

"ከዚህ በኋላ ምን እንደሚያደርገው በምን አውቃለሁ?"

"ስንት ደቂቃ እንደቀረው እዚህ ይጻፋል እማማ" አለች ሻጯ።

"ደቂቃውን ምን አደርገዋለሁ። እሱን ነው የምልሽ፣ ጋቢውን።" ትንሽ አሰበችና፣ "ውሃውንስ ማን ይጨምርበታል?" አለች።

ሦስታችንም ሳቅን። ሃያ ዓመት ማሽን ያላት ሴት እንዲህ ስትጠይቅ ቀልድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይመስላል? እናቴ አልሳቀችም። ጋቢውን አውጥታ ወደ ከፊት ተከፋቹ ሄደች፣ በሩ ክብ መስተዋት ነው። እዚያ መክተት ግን መጎንበስ ይጠይቃል፤ ጉልበቷ እንቢ አለ። ክርክሩ በኔ አሸናፊነት አለቀ ብዬ እጄን ኪሴ ከተትሁ። ሻጯ ሄዳ ወንበር አመጣች። እናቴ ተቀመጠች፣ ጋቢውን በእርጋታ አስገባች፣ በሩን ገጠመች። ጋቢው በመስተዋቱ በኩል ነጭ ሆኖ ታየ። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ምንም የማይንቀሳቀስ ማሽን ውስጥ ምንም የማይሆን ጋቢ ስታይ ቆየች። ከኋላችን ፍሪጅ የሚገዙ ባልና ሚስት መንገድ ልቀቁ ለማለት አፍረው ቆመው ነበር።

"ባለ ዓይኑን አምጡልኝ" አለች።

በወንበር ተሸነፍሁ። ስንት ቪዲዮ አይቼ፣ ስንት ምክንያት ደርድሬ፣ አንድ ወንበር መጥታ ጣለችኝ። እህቴ ወደ መኪናው ስንሄድ በዝግታ እያፏጨች ነበር።

ማሽኑን ያመጡት ሁለት ጎልማሶች ናቸው፤ አንዱ ብዙ ያወራል፣ አንዱ አያወራም። እኔና እህቴም ተገኝተናል። አዲሱን ኮሪደሩ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ አስቀመጡና አሮጌውን ሊያወጡ ወደ ሚርፔሴቱ ገቡ። እናቴ ባልተለመደ ፍጥነት ምርኩዟን እያንኳኳች ተከተለቻቸው።

"እሱን ተዉት። እዚያው ይሁን።"

"እማዬ፣ ለሁለት ቦታ የለም" አለች እህቴ።

"አዲሱን ሳሎን አስቀምጡት!"

"ማ ፒቶም! ምን ሲደረግ ሳሎን!"

አውሪው ሰውዬ የፕላስቲክ አበባውን አንስቶ እህቴን አስያዛት፣ ጥልፍ ጨርቁን ገፈፈ፣ ማሽኑን አቅፎ ወደ ራሱ ጎተተ። ማሽኑ አልተነቃነቀም። እንደገና ጎተተ። "ምንድን ነው ያለው ውስጡ?" አለ በዕብራይስጥ። የማያወራው ሰውዬ ከጀርባ ሲያነሳው ማሽኑ ተንጋደደ፣ ክዳኑ ብርግድ አለ፣ ቀይ ደመና ከሆዱ ወጣ።

በርበሬ ነበር። አንድ ከረጢት ፈንድቶ አውሪውን ሰውዬ ከአገጩ እስከ ቅንድቡ ቀባው። አነጠሰ፣ ሁላችንም አነጠስን። ማንጠሱ ሲበርድ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የተፈተገ ገብስ፣ ሁሉም በየከረጢቱ ታስሮ፣ ተደርድሮ ተቀምጧል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተጠቅልሎ በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ቋጠሮው ላይ የተኛው አቧራ የኔን የሥራ ዘመን ያህል ዕድሜ አለው። የገዛሁላት ልብስ ማጠቢያ አልነበረም፤ ጎተራ ነበር።

አሁን ብዙ ነገር ገባኝ። እናቴ ማሽኑን መኾና ነው የምትለው፣ በዕብራይስጡ። በርበሬ ስንጠይቃት "ቆይ መኾናውን ልየው" እያለች ወደ ሚርፔሴቱ ትወጣ የነበረው። ልብሳችሁ እንዴት ይነጣል ስንላት "ዕድሜ ላንተ፣ መኾናው ነው" እያለች ግንባሬን ትስም የነበረው። ስንት ጊዜ ነው ያን ምርቃት ደረቴን ነፍቼ የተቀበልሁት!

እህቴ አበባውን እንደያዘች ታለቅሳለች። በበርበሬው ይሁን በንዴት እስካሁን አልለየሁም።

"ታዲያ እስከዛሬ ልብስሽን በምን ስታጥቢ ነበር?"

እናቴ በአገጯ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመለከተች። "በእግሬ።"

ገንዳው! እህቴ ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ገንዳው ይውጣና መቆሚያ ሻወር ይግባልሽ ብላ ለምናት ነበር። እናቴ "መታጠብ የምወድ ሰው ነኝ" ብላ ሙጭጭ አለች። እኛም እንዴት ያለች ንጹሕ ሴት ናት ብለን ተውነው።

"ከኦፕራሲያው በኋላስ?" አለች እህቴ፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። "በዚያ እግርሽ ገንዳ ውስጥ ገባሽ?"

"ጥቂት ጊዜ ነው።"

"ጥቂት ጊዜ!"

እህቴ አበባውን ወርውራ ሻንጣውን ያዘች። በቃ፣ ዛሬ ነው፣ አሁን ነው፣ ስምምነቱ ፈርሷል። ሳሙና ባለበት ገንዳ ውስጥ ብትወድቅ ማን ይሰማል? በስንተኛው ቀን እናገኛታለን? ቁም ሳጥኑን ከፍታ ቀሚሶቹን ከነማንጠልጠያቸው ወደ ሻንጣው ትጥል ጀመር። እውነቷን ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእህቴ ጋር ተስማማሁ። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀሚሶቿ ሲገቡ ታያለች። ምርኩዟን እንኳ አልመታችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

"ቢያንስ ለምን እንደሆነ ንገሪን" አልኋት። "ማሽን ቤትሽ እያለ ለምን በእግር?"

"መኾናው በገባ በሳምንቱ ጋቢውን ሰጠነው" አለች። "ክዳኑን ዘጋን፣ ሲጮኽ ዋለ፣ ስንከፍተው እንደ ገመድ ጠምዝዞ መለሰልን። አባታችሁ አየና 'ይኼስ ማጠብ አይደለም፣ ቂም መወጣት ነው' አለ። ግን አንተ በላብህ የገዛኸው ነው። ከሠራዊት ወጥተህ መጀመሪያ የገዛኸው እኮ ለራስህ ጫማ አይደለም። ምን ብለን እንንገርህ? አገር ቤት ጋቢ በእንዶድ ወንዝ ዳር ይረገጣል፤ እዚህ ወንዝ የለ። እንዳታዩን በሩን ቆልፈን አምባቲያው ውስጥ ረገጥን።"

እኔና እህቴ ተያየን። ቀሚስ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

"ሐሙስ ሐሙስ?" አልሁ።

"ሐሙስ ሐሙስ። ለሰንበት እንዲደርቅ። እናንተስ ምን መስሏችሁ ነበር?"

"ምንም" አልን እኩል።

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እህቴን አየች። የቴሌቪዥኑ ጩኸት ትዝ ሳይላት አልቀረም። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። "እናንተ ባለጌዎች!" አለች። "እናንተ ዓይናችሁን የማታሹ! በሽማግሌ አባታችሁ!" እስክታነባ ድረስ ሳቀች። እኛም ሳቅን፤ ምን እናድርግ። ሁለቱ ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው፣ አንደኛው ፊቱ እንደቀላ፣ ይኼ ቤተሰብ መቼ እንደሚረጋጋ ይጠብቃሉ።

ሳቋ ሲያልፍ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"ሁለት ሰው ሲረግጥ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይይዛል" አለች። "ሳሙናው ያንሸራትታላ። አንዴ እሱ ይወድቃል፣ አንዴ እኔ። አሁን ግድግዳውን ነው የምይዘው።"

አባቴን ቀብሬ ተመልሼ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገብቻለሁ፤ ሁሉንም ያዘንሁ መስሎኝ ነበር። ያቺን ግድግዳ የያዘች እጅ ሳስብ ግን እንባዬ መጣ። በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ በዚያ ቀን በርበሬው ለሁላችንም ውለታ ውሏል።

እህቴ ቀሚሱን አጠፈችው። አጠፈችና ሻንጣው ውስጥ አልጣለችውም፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። እህቴ ስትሸነፍ እንኳ በቅድመ ሁኔታ ነው የምትሸነፈው።

"ጋቢውን አዲሱ ማሽን ውስጥ አሁን ታጥቢዋለሽ። እኔ እያየሁ። ገንዳው ከነገ ወዲያ ይወጣል። ይህን ካደረግሽ ቤትሽ ትቀሪያለሽ።"

እናቴ ጋቢውን ወደ ጭኗ ሳበችው። "ለዚህ ነው ባለ ዓይኑን የመረጥሁት" አለች። "ያንን በጨለማ ሰጥቼው ገመድ አድርጎ መለሰልኝ። ይኼኛውን እያየሁት ነው የምሰጠው።"

ሠራተኞቹ አሮጌውን አስወጡ፣ አዲሱን ገጠሙ፣ ውሃውን ቀጠሉ። ሲሄዱ አውሪው እናቴን በርበሬ ለመናት፤ ፊቱ ላይ ያለው አልበቃውም። እኔ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ አስተጣጠብ መረጥሁላት፤ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ለዚህ ብቻ ጠቀሙ። እናቴ የኩሽናውን ወንበር አስመጥታ ሚርፔሴቱ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጋቢውን አስገባች። በሩን ገጠመች፣ በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። እናቴ ደነገጠች።

"ክፈቱልኝ!"

"እስኪጨርስ አይከፈትም፤ እንዲህ ነው የሚሠራው" አልኋት። ይኼን ነበር እኮ ስለ ከፊት ተከፋች ስናገር የከረምሁት። ግን ያን ጊዜ ነግሬ ነበር ብሎ መናገር አፌ አልቻለም።

ውሃው ገባ። ጋቢው ጠቆር አለ፣ ከበደ፣ ተኛ። ማሽኑ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ቆመ፣ ያሰበ መሰለ፣ ወደ ግራ ዞረ። ጋቢው ተነስቶ ይወድቃል፣ ይነሳና ይወድቃል። እናቴ ፊቷን ወደ መስተዋቱ አስጠግታ አንዱን ጫፍ በዓይኗ ትከተላለች። "ቀስ በል" ትለዋለች። "ቀስ! አትጠምዝዘው፣ ቀስ በል!" ማሽኑን ነው የምታናግረው። እኔ ወደ በርበሬው ከረጢቶች ዞርሁ፤ ጎተራው ሄዷልና ማደሪያ ይፈልጋሉ።

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። በአገጯ ወደ ታች አመለከተችኝ።

የእናቴ እግር ይንቀሳቀስ ነበር። በነጠላ ጫማዋ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ አንዱን አንስታ ታሳርፋለች፣ ሌላውን አንስታ ታሳርፋለች። ማሽኑ ወደ ቀኝ ሲዞር በቀኟ፣ ወደ ግራ ሲዞር በግራዋ። ያ የብረት ጉልበት ነው የሚነሳው። ክሊኒክ ያለችው ፊዝዮቴራፒስት ሳምንት ከሳምንት "እጠፊው፣ ትንሽ እጠፊው" ብላ ለምናት፣ እናቴ "ሲያመኝ እያየሽ!" እያለች የምትመልሰው ጉልበት። አሁን የሚታጠፍ መሆኑንም የምታውቅ አትመስልም። ዓይኗ ጋቢው ላይ ነው። እየረገጠች ነው።

እህቴ ሳትናገር ሌላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እናቴ ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳትነቅል እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ያዘች። እህቴ ከባንክ በቀጥታ የመጣችበትን ባለ ተረከዝ ጫማ አወለቀችና እሷም መርገጥ ጀመረች። እኔ በሁለት እጄ በርበሬ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"ይኼን የት ላድርገው?" አልሁ፣ ብዙ ከቆምሁ በኋላ።

"ሻንጣው ውስጥ" አለች እናቴ ሳትዞር። "ዚፑ ደህና ይገጥማል፤ አይቼዋለሁ።"

እህቴ ያን ሻንጣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅም በርበሬ እየሸተተ የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ ያሳልፋታል። አሁን ኮሪደሩ ላይ ጥልፍ ጨርቁን ለብሶ፣ አበባው ተቀምጦበት ቆሟል። ጋቢው በዚያን ቀን ሳይጠመዘዝ ወጣ። እናቴ አሸተተችው፣ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው፣ "ነጥቷል" አለች። ሌላ ሙገሳ አልሰጠችም። ገንዳውም ወጣ፤ ስታወጡት እኔ አልኖርም ብላ ጎረቤት ዘንድ ዋለች።

በቅርቡ ወደ ክሊኒክ የወሰድኋት እኔ ነኝ። ፊዝዮቴራፒስቷ እናቴን አልጋ ላይ አስተኝታ ጉልበቷን አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ አላመነችም። ያዘዝሁሽን እየሠራሽ ነው እንዴ ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀች። እኔ አስተረጎምሁ።

"አልሠራሁም" አለች እናቴ። "ልብስ ነው የማጥበው።"

ተረጎምሁ። ሴትየዋ ደነገጠች። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት፣ በእጅ? ልጆቿ የት ናቸው? ማሽን የላትም እንዴ? እኔን እያየች ነው የምትጠይቀው፣ ፊቷ እንደ እህቴ ሆኗል። ለእናቴ ነገርኋት።

እናቴ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ መለሰች።

"አለኝ በላት" አለችኝ። "እሱም ያግዘኛል።"